ጭንቅላቱን የተመታ ፖሊስ በማግሥቱ ስምሪት አይውጣ

ድንጋይ አናቱ ላይ ያረፈበት፣ በዱላ የተመታ ወይም ቦምብ በቅርቡ የፈነዳበት ፖሊስ ደም እስካልፈሰሰው፣ ቆሞ እስከሄደና ስሙን እስከተናገረ ድረስ ደኅና ነው ተብሎ ወደ ሥራው መመለስ የለበትም። ራሱን የሳተ፣ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ የት እንዳለ የጠፋበት፣ ያስመለሰው ወይም ጆሮው የደነቆረ አባል በዚያው ሰዓት መሣሪያውን አስረክቦ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ሐኪሙ በጽሑፍ እስኪፈቅድለት ድረስም ስምሪት አይውጣ። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው። አቋማችንን በቀጥታ የምናቀርበው ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ፖሊስ ኮሚሽን፣ ለጉራጌና ለምሥራቅ ጉራጌ ዞኖች አስተዳደር፣ እንዲሁም በጀት ለሚያጸድቁት ምክር ቤቶች ነው።

ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ላይ የተቀመጡ የንግድ ከተሞች ናቸው። ሰው የሚያውቃቸው በገበያቸው፣ በመናኸሪያቸውና ለመስቀል ከየአገሩ በሚጎርፈው ልጃቸው ነው። ከ2010 ወዲህ ግን ፖሊሶቻቸው ሌላም ነገር አይተዋል። በሰኔ 2010 በወልቂጤ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ወር ከተማዋ ድረስ መጥተው ነዋሪውን አነጋገሩ። 2011 እንደገባ በቡታጅራ ዙሪያ በመስቃንና በማረቆ በተቀሰቀሰው ግጭት ሰዎች ተገደሉ፣ ቤተሰቦች ተፈናቀሉ። በነሐሴ 2014 በክልልነት ጥያቄ ምክንያት ወልቂጤ ሱቆቿን ዘግታ ዋለች። በየካቲት 2015 ደግሞ ውኃ አጥተው አደባባይ በወጡ የወልቂጤ ነዋሪዎች ላይ ተተኩሶ ሰዎች ሞቱ። ግጭት በተነሣባቸው በእነዚህ ቀናት ድንጋይ በሚወረወርበትና በሚተኮስበት መንገድ ላይ የቆመ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነበረ። ከእነዚያ ቀናት በኋላ ሟች ተቆጥሯል፣ የተቃጠለ ቤትም ተቆጥሯል። ጭንቅላቱን ተመትቶ በማግሥቱ ለሰልፍ የቆመውን አባል ግን ማንም እንደ ቁስለኛ አይቆጥረውም።

ሌላም ምክንያት አለ። መንግሥት በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎችን በትኖ አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2013፣ ያኔ ጉራጌን ያቀፈው የደቡብ ክልል ልዩ ኃይሉን ወደ ሰሜኑ ጦርነት ግንባር ልኮ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የክልሉን መደበኛ ፖሊስ ዩኒፎርም ለብሰው ከሚውሉት መካከል መድፍና ሞርታር በአቅራቢያቸው ሲፈነዳ ያሳለፉ ወጣቶች መኖራቸውን ማሰብ ግድ ነው። ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ሲዛወሩ ትጥቃቸው በቁጥር ይረከባል። ጆሯቸው፣ እንቅልፋቸውና ማስታወሳቸውም እንዲሁ በወጉ ሊታይ ይገባል።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ቅሉ በድንገት ይነቃነቃል ወይም ይቆማል፤ አንጎሉ ግን ከቅሉ እኩል ስለማይንቀሳቀስ ከቅሉ ግድግዳ ጋር ይላተማል፣ ይጠማዘዛል፣ ቀጫጭን የነርቭ ክሮቹ ይሳባሉ። ከውጭ የሚታይ ቁስል ላይኖር ይችላል። ሐኪሞች የጉዳቱን ክብደት የሚለኩበትና እ.ኤ.አ. በ1974 በግላስጎው የተዘጋጀው መለኪያ ዐይን መግለጥን፣ መናገርንና መንቀሳቀስን አይቶ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። 13 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ጉዳቱ ቀላል ይባላል። ቀላል መባሉ በዚያች ሰዓት ሕይወቱ ያለችበትን ሁኔታ ይናገራል እንጂ ከሦስት ወር በኋላ ሥራውን በትክክል ይሠራ እንደሆነ አይናገርም። በሲቲ ስካን ምንም ያልታየበት ሰውም ለሳምንታት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የብርሃንና የድምፅ ጥላቻ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ መርሳትና ቶሎ መቆጣት ሊያሠቃየው ይችላል። አብዛኞቹ ዕረፍት ካገኙ ይድናሉ። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት የደረሰበት ግን አደጋው እጅግ ይከፋበታል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ተመትቶ የሚነሣው፣ ውኃ ጠጥቶ ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራው፣ ከዚያ ከሰዓታት በኋላ የሚወድቀው ነው። ከተቀደደ የደም ሥር የሚፈሰው ደም በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል ቀስ እያለ ይሞላል፤ ሰውየው እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ጋደም ይላል፤ ጓደኞቹም ደክሞት ነው ብለው ይተዉታል። ይህን ቀድሞ ለመጠርጠር ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የካናዳ መመሪያ ለሐኪሙ ከሚያስቀምጣቸው ምልክቶች ውስጥ ከጉዳቱ ሁለት ሰዓት በኋላም ሙሉ በሙሉ አለመንቃት፣ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ማስመለስ፣ ከጆሮ የሚወጣ ደም ወይም በዐይን ዙሪያ የሚታይ ጥቁረት ይገኙባቸዋል። አንድ የጣቢያ ተረኛ ኃላፊ እነዚህን ለይቶ እንዲያውቅ ማሠልጠን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር፣ ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በጭንቅላት ውስጥ ደም እየፈሰሰ ያለ ሰው ጥቁር አንበሳ ወይም አቤት ሆስፒታል በጊዜ የሚደርሰው ሪፈር የተጻፈለት ገና እያወራ ሳለ ከሆነ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት አገሪቱ የነበሯት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ቢጨምርም አንድ ቁስለኛ ዘግይቶ ከደረሰ የቱም ሐኪም የጠፋውን ሰዓት አይመልስለትም።

የፍንዳታ ጉዳት ደግሞ ከዚህም ይሰወራል። በአገራችን ኤፍ ዋን እየተባለ የሚታወቀው የእጅ ቦምብ በሆዱ የያዘው ፈንጂ 60 ግራም ገደማ ነው፤ ቀለበቱ ተስቦ ከተወረወረ በኋላ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ይፈነዳል። ሰው የሚያየው የፍንጣሪውን ቁስል ነው። ከፍንጣሪው ቀድሞ ግን የአየር ግፊት ሰውነትን አልፎ ይሄዳል፤ አየር ያለባቸውን ጆሮን፣ ሳንባንና አንጀትን ይመታል፣ አንጎልንም ያናውጣል። ቀጥሎ ፍንጣሪው ይደርሳል። ከዚያም ሰውየው ተወርውሮ ከግድግዳ ወይም ከመሬት ጋር ይጋጫል፤ ቃጠሎውና ጭሱም አሉ። ፍንጣሪ ያላገኘው ሰው “አምላክ አተረፈኝ” ብሎ ይነሣል። ጆሮው ይጮኻል፣ ሰው ሲጠራው አይሰማም። የጆሮው ታምቡር ከተቀደደ ምልክት ነው፤ ታምቡሩ ደኅና መሆኑ ግን አንጎሉ ደኅና ለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም። ሰኔ 16 ቀን 2010 በመስቀል አደባባይ በተወረወረው ቦምብ 2 ሰዎች ሞተው ከ150 በላይ ሲቆስሉ አገር ሁሉ የተመለከተው ደሙን ነበር። ግፊቱ ያገኛቸው፣ ደም ግን ያልፈሰሳቸው ሰዎች በዚያ ቀን ወደየቤታቸው ሳይሄዱ አልቀሩም።

ይህን የማይታይ ጉዳት ኃያላኑም ስተውታል። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2020 ኢራን በኢራቅ የሚገኘውን የአል አሳድ የጦር ሰፈር በሚሳይል ስትመታ የአሜሪካ መንግሥት አንድም ወታደር አልተጎዳብኝም ብሎ ነበር። በየካቲት ወር የአንጎል ጉዳት እንደደረሰባቸው በሐኪም የተረጋገጠ ወታደሮች ከ100 በላይ ሆኑ። በዓለም እጅግ ብዙ ሐኪምና መሣሪያ ያለው ጦር በመጀመሪያው ቀን ያላየውን ጉዳት፣ አንድ የወረዳ ፖሊስ ጣቢያ በዐይን ግምት አያየውም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ልናስብበት የሚገባን ግን የአንድ ፖሊስ ታሪክ ነው። ጄፍሪ ስሚዝ በዋሽንግተን ከተማ ፖሊስ ለ12 ዓመታት ያገለገለ አባል ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2021 በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻ በተነሣው ሁከት የብረት ዘንግ ተወርውሮ ጭንቅላቱን መታው። የራስ ቁር አድርጎ ነበር። በዚያው ሌሊት የፖሊስ ክሊኒክ ታይቶ ወደ ቤቱ ተላከ። ባለቤቱ በኋላ እንደተናገረችው ከዚያች ቀን ጀምሮ ያገባችው ሰው አልነበረም፤ ዝም አለ፣ ከቤት መውጣት ተወ። ጥር 14 ቀን ክሊኒኩ ወደ ሥራ ተመለስ አለው። በማግሥቱ ወደ ሥራው እየሄደ ሳለ በመንገድ ላይ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ሞቱን ከሥራው ጋር አላያያዘውም። ባለቤቱ ሐኪሞችና ጠበቆች ይዛ ተከራከረች፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የከተማዋ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጡረታ ቦርድ ጥር 6 ቀን የደረሰበት ጉዳት ለሞቱ ብቸኛና ቀጥተኛ ምክንያት ነው ሲል ወሰነ። ምቱ የደረሰበት ቀን፣ ክሊኒክ የታየበት ሌሊትና የተመለሰበት ቀን ተጽፈው መገኘታቸው ለዚህ ውሳኔ ሳይረዳ አልቀረም። ያ ወረቀት ባይኖር ባለቤቱ ምን ይዛ ትቆም ነበር?

ጥያቄውን ወደ አገራችን እናምጣው። ፖሊስን ጨምሮ የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ በኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት መብት ሰጥተዋል። በ714 በተዘረጋው ሥርዓት ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ መሆኑን የሕክምና ቦርድ ማረጋገጥ አለበት፤ መሥራት ያቃተው የዘለቄታ አበል፣ መሥራት የሚችለው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኛል። ሕጉ ለተቆረጠ እግር በቀላሉ ይሠራል። ለቦርዱ የሚቀርብ እግር የለም፤ ጉዳቱን ዐይን ይመሰክራል። የተመታ አንጎል ግን ምስክሩ ወረቀት ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በራስ ምታትና በመርሳት ተሸንፎ የሚመጣ ሳጅን “በየካቲት 2015 ድንጋይ መትቶኝ ነበር” ቢል፣ በግል ማኅደሩ ውስጥ የዚያ ቀን ማስታወሻ ከሌለ ቦርዱ የሚይዘው ነገር የለም። አዋጁ የሰጠውን መብት የጣቢያው ዝምታ ነጥቆታል ማለት ነው።

ማኅደሩ ባዶ ሲሆን የሚሞላው ሌላ ነገር ነው። አንጎሉ የተናወጠ ሰው ሰዓት ይሳሳታል፣ ትእዛዝ ይረሳል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ በሌሊት ጥበቃ ያንቀላፋል። አለቃው የሚያየው ሰነፍና ጋጠወጥ አባል ነው። የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ ቅጣት፣ ስንብት። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ልጆች ሲጮኹ የማይችል፣ መብራት አጥፉ የሚል፣ እናቱ ስትጠራው የማይሰማ ሰው ሆኗል። ሚስት ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች፤ ግን ማንም አልጠየቃትም። ሴት ፖሊስ ስትሆን ነገሩ ይብሳል፤ ድካሟ በቤት ሥራ፣ ዕንባዋ በሴትነቷ ይተረጎማል። ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ የሚጀምረውም አለ፤ የራስ ቅል ስብራትና የአንጎል ደም መፍሰስ ከሚያስከትሏቸው ነገሮች አንዱ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ እንደየሃይማኖቱ ወደ ምድረ ከብድ ገዳም ወይም ወደ አብሬት ሐድራ ይዞት ይሄዳል። ይሂድ፤ ጸሎትና ዱዓ የሚያጽናኑት ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድ ሰው ድንጋዩን አስታውሶ ለሐኪም ይንገር፤ ክላሽ ተሸክሞ የሚውል ሰው ያለ መድኃኒት መውደቅ የለበትም።

የሚቆጨን ይህ ሁሉ የሚሆነው በቡታጅራ ዙሪያ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ የነርቭና የአእምሮ ሕመምን ቤት ለቤት ቆጥራ ያወቀችው እዚህ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረው የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰዎች 5.2 እንደሚይዝ አስታወቁ። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የቡታጅራ የገጠር ጤና መርሐ ግብር ልደትንና ሞትን እየመዘገበ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪዎች በዚሁ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን በየደጃቸው ጠይቀው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ፤ ለዓመታትም ተከታተሏቸው። በኋላም በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምንና የሚጥል በሽታን እዚያው እንዲያክሙ ተደረገ። ከእንሰት ተክል ጀርባ ተደብቆ የነበረ ሕመምተኛ ስሙ ተመዝግቦ መድኃኒት አግኝቷል። ጠያቂ ወጣቶች ጭቃና ተራራ አልበገራቸውም። በከተማው መሐል፣ አጥር ባለው ግቢ ውስጥ፣ በየማለዳው ለሰልፍ የሚቆሙ ጥቂት መቶ ፖሊሶችን መጠየቅ ከዚያ እንዴት ሊከብድ ይችላል? ዕውቀቱ እዚህ አለ። የቡታጅራ ጠቅላላ ሆስፒታል እዚህ አለ፤ በጉብሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ በወራቤና በሆሳዕናም ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። የጎደለው የፖሊስ ኮሚሽኑ ደብዳቤ ጽፎ ስምምነት መፈረሙ ነው።

የዞኑ ወጣት በየዲኤስቲቪ ቤቱ እሑድ እሑድ የሚያየው ነገርም አለ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ከመደበኛው ቅያሪ ውጭ እንዲቀየር ተፈቅዷል። ሐኪሙ ገብቶ ያየዋል፣ ተጫዋቹ እየተከራከረም ቢሆን ይወጣል። በዚያ የሚፈራው ኳስ ላይ መሳሳቱን አይደለም፤ ሁለተኛውን ምት ነው። ፖሊሱ ሜዳ ላይ ካለው ተጫዋች የሚለየው የጫነው ጥይት በእጁ ስላለ ነው።

የራስ ቁርን ጉዳይ በተመለከተ ነገሩን ሳናድበሰብስ እንናገራለን። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና ባጸደቀው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርሆዎች ሁለተኛ አንቀጽ መንግሥታት ለፖሊሶቻቸው ጋሻ፣ የራስ ቁርና ጥይት የማይበሳው ልብስ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። የሰጠው ምክንያትም የጦር መሣሪያ የመጠቀምን አስፈላጊነት ለመቀነስ የሚል ነው። በየካቲት 2015 ወልቂጤ የደረሰውን ስናስብ ይህ ምክንያት ያማል። ባዶ ጀሪካን ይዘው ውኃ የጠየቁ ሰዎች ላይ ተተኮሰ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ቢያንስ 3 ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል። ለዚያ ተኩስ የራስ ቁር ማጣት ማስተባበያ አይሆንም፤ ተጠያቂነቱ በሕግ ፊት የሚቆም ነው፣ የተገደሉት ቤተሰቦችም ፍትሕ ይገባቸዋል። ይህን ርዕሰ አንቀጽ “ስለ ፖሊስ ብቻ አዘናችሁ” ብሎ የሚያነብ የወልቂጤ እናት ቁጣዋ ይገባናል። እኛም የምንለው ለእሷም ነው፤ ጨርቅ ቆብ ደፍቶ ክላሽ ይዞ ከድንጋይ ፊት የቆመ ሰው በድንጋዩና በጥይቱ መካከል የሚጠቀምበት ምንም ነገር የለውም። ጋሻና ቁር ያለው ግን ድንጋዩን ችሎ መቆም ይችላል። በእነዚህ ከተሞች መንገዱ ራሱ ኮብልስቶን ነው፤ ድንጋይ ከእግር ሥር አይጠፋም። ስለዚህ ለአድማ በታኝ ክፍል ብቻ የሚታደል የራስ ቁር ለወረዳና ለከተማ ፖሊስም፣ ግጭት ሲነሣ መጀመሪያ ለሚደርሰው ሚሊሻም መድረስ አለበት። ቁሩ ቅልን ከስብራት ያድናል፤ መናወጥን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ጄፍሪ ስሚዝም ቁር አድርጎ ነበር። ቁር ታድሏልና ምርመራ አያስፈልግም የሚል አመራር እንዳይመጣ ከወዲሁ እንላለን።

ተቃውሞው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የመጀመሪያው የሰው ማነስ ነው፤ አንድ ጣቢያ በግጭት ማግሥት አባሎቹን በሙሉ የሚፈልግበት ሰዓት ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ስፖርት ላይ የተሰማሩ ሐኪሞች በደረሱበት ስምምነት ለተናወጠ አንጎል በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያለ ቀለል ያለ ዕረፍት ነው፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ መመለስ። ሁለት ቀን ዕረፍት ከልክለን አሥር ዓመት የምናጣው አባል ለጣቢያው ይበልጥ ይጎድለዋል። እነዚያ ሁለት ቀናትም ከመዝገብ ሥራ፣ ከስልክ ተረኝነት፣ ከመሣሪያ ርቆ ከሚሠራ ሥራ ጋር ቀስ እያሉ ሊያያዙ ይችላሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ አስመሳይ ይበዛል የሚል ነው። አስመሳይን የሚለየው ሐኪም ነው፤ ዛሬ ባለው አሠራር የሚለየው ግን የአለቃው ስሜት ነው። ሦስተኛው አይነገርም፣ ግን ከሁለቱ ይከብዳል፤ ወንድ ልጅ ራሱን አመመኝ አይልም የሚለው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚል ሕዝብ ለልጁ ይህን መንፈግ የለበትም። መጀመሪያ ተናጋሪ ኮንስታብሉ ቢሆን ይፈራል። ኮማንደሩ ራሱ ቀድሞ ቢመረመርና ቢናገር ግን ሌላው ይከተላል።

እንግዲህ ኮሚሽኑ የሚያወጣው መመሪያ ረጅም መሆን የለበትም። የምት ወይም የፍንዳታ ሰዓት፣ ቦታና ዓይነት፣ ራስ መሳት ስለመኖሩ፣ ማስመለስ፣ የጆሮ ሁኔታ፣ ያየው ባለሙያና የሰጠው ነጥብ የሚሞሉበት አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል። አንዱ ቅጂ ማኅደር ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ለአባሉ በእጁ ይሰጠው። የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻውን እንዳያድር፤ በቤት የሚጠብቀው ሰውም ምን ምልክት ሲያይ ሆስፒታል እንደሚያመጣው በቃል ይነገረው። በሁለተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር ይታይ፤ ያን ጊዜ ሚስቱ ወይም እናቱ አብራ ገብታ ትጠየቅ። በጣቢያዎች ያለው የኤግዚቢት ክፍልም አይረሳ። ከሰው እጅ የተያዘ ቦምብ ከሰነድና ከተያዘ ሞባይል ጋር በአንድ መደርደሪያ ሊያድር አይገባም፤ ሰው ከሚውልበት ርቆ ይቀመጥ፣ የፈንጂ ባለሙያም በቶሎ ይጠራ። ዜጋ ሜዳ ላይ ያገኘውን ተተኳሽ በእጁ ይዞ ጣቢያ እንዳያመጣ፣ ፖሊሱም ከእጁ ተቀብሎ እንዳያገላብጥ ይነገር።

የዞንና የክልል ምክር ቤቶች በጀት የሚያጸድቁት በሐምሌ ነው። ለራስ ቁር፣ ለምርመራና ለሪፈር ትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ በፖሊስ በጀት ውስጥ ለብቻው ተለይቶ እንዲቀመጥ እንጠይቃለን፤ በ“ልዩ ልዩ ወጪ” ውስጥ የተደበቀ ገንዘብ ግጭት ሲነሣ ለነዳጅ ይሄዳል። ከቅጹና ከበጀቱም በፊት ኮሚሽኑ ነገውኑ ሊጀምረው የሚችል አንድ ሥራ አለ። በሰኔ 2010፣ በ2011 እና በየካቲት 2015 ወልቂጤና ቡታጅራ ዙሪያ ተሰማርተው የነበሩ አባላትን ስም ከስምሪት መዝገብ ያውጣ። ዛሬም በሥራ ላይ ያሉትን፣ ጡረታ የወጡትንና በዲሲፕሊን የተሰናበቱትን አንድ በአንድ ጠርቶ ያስመርምር። ጭንቅላቱን ተመትቶ የነበረ ሆኖ ከዚያ በኋላ በመርሳት፣ በማንቀላፋት ወይም በቁጣ ተከሶ የተሰናበተ ከተገኘም የስንብቱ ውሳኔ የሐኪም ማስረጃ ተያይዞለት እንደገና ይታይ።